«ወንድ እያለ!»

በቅርቡ ደባርቅ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የኮሌጅ ተማሪዎችን ታዘብኩ። የቡድን ሥራ ይዘዋል። ወንዶቹ ይከራከራሉ፤ ሴቶቹ ይጽፋሉ። ሂሳብ ሲመጣ አንዷ ቦርሳዋን ብትከፍት «ኧረ ተይ፣ ወንድ እያለ!» ተባለች። እኔም ዳባት ስማር ሁሌ ጸሐፊ ነበርኩ።

ፆታ በተፈጥሮ ነው። ማን ይናገር፣ ማን ይክፈል፣ ማን ዝም ይበል የሚለው ግን ከኅብረተሰቡ የተማርነው ነው፤ ሥርዓተ ፆታ ይባላል። ስለዚህ ሊለወጥ ይችላል።

ታዲያ ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው? ዝም ማለት የለመደች ልጅ «አልፈልግም»፣ «መጀመሪያ እንመርመር» ማለት ይከብዳታል። ወንዱም «አላውቅም» ማለት ያፍርና ሳይጠይቅ ይሳሳታል። የሻይ ሂሳብ ደግሞ ውለታ አይደለም፤ ዝምታም እሺታ አይደለም። የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች መከላከያ መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በቡድን ሥራችሁ ተራ ቀይሩ፦ እሷ ታቅርብ፣ እሱ ይጻፍ።