የተሳላሚው ምንጣፍ

የልደት በዓል ሲቃረብ ከደሃና ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚሄዱ ምእመናን ስንቃቸውን አስቀድመው ያሰናዳሉ። በሶው ይፈጫል፥ ጋቢው ይታጠባል፥ ጫማው ይጠገናል። ነገር ግን «ሌሊት በምን ላይ ትተኛላችሁ?» ብለን ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ «ጋቢ ይዘናል» ይሉናል። ይህ ስለሚለበሰው የተነገረ ነው፤ ስለሚነጠፈው ግን ገና አልተመለሰልንም።

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን ስለሚውል ጉዞው በብርዱ ወራት ይሆናል። በዚያ ደጋ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ምድር የቀኑን ሙቀት ፈጥና ትለቃለች። በባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው የገላው ሙቀት በንክኪ ወደ መሬት ሲያልፍበት ያድራል። ጋቢ የሚያሞቀው በፈትሉ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከገላ በታች ሲነጠፍ ግን ክብደት ይጨፈልቀውና አየሩን ያጣል። ስለዚህ ከላይ ሦስት ጋቢ ደርቦ ከታች ባዶ የሆነ ሰው፥ አንድ ጋቢ ለብሶ በደኅና አጎዛ ላይ ከተኛው ይልቅ ሊበርደው ይችላል።

አባቶቻችን ይህን ሳይማሩት ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ቀን ለብሶት ይውላል፥ ሌሊት አንጥፎት ያድራል። የበግ ጠጉር የተጠማዘዘ በመሆኑ ቢጫኑት ጨርሶ አይደፈጠጥም። የበሬ ቁርበት እርጥበትንና ጠጠርን ይመክታል፤ ጠጉሩ አጭር ስለሆነ ግን ብዙ አያሞቅም። ሰሌንም ከአቧራ ከመጠበቅ እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ ከታች ደረቅ ሣር ወይም ገለባ፥ በላዩ ቁርበት ወይም ላስቲክ፥ ከዚያም አጎዛውን ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ማንጠፍ ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ከሣሩ በፊት ለዳሌው የሚሆን ጥቂት ጎድጓዳ ቢምስ ሌሊቱ ይቀልለታል።

አጎዛ የሚገዛ ሰው ጠጉሩን በጣቱ ይዞ ይሳበው፤ እየተነቀለ ከመጣ ይተወው። ቆዳውንም አጥፎ ይመልከት፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ በደንብ አልለፋም። ይሁን እንጂ ለምን ይገዛል? የፋሲካው በግ ቆዳ በጥቂት ሳንቲም ለነጋዴ ከሚሰጥ፥ ወዲያው በጨው ታሽቶ በጥላ ቢወጠርና ቢለፋ ለልደት ይደርሳል። ርዝመቱ ከትከሻ እስከ ዳሌ ከሆነ ይበቃል፤ ክብደቱ በብዛት የሚያርፈው በዚያ ነውና። ለእግር ባዶው ጆንያ ይሆናል።

በከተማ ሱቅ የሚሸጡም አሉ። የፍራሽ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፥ ግን ጤዛን ይጠጣል። ውሃ የማያስገባው ጠጣር ስፖንጅ ይሻላል። በአየር የሚነፋው ለዳሌና ለትከሻ እጅግ ይመቻል፤ ዳሩ ግን መሙያ ከሌለው በውስጡ ያለው አየር እየተዘዋወረ ሙቀትን ያባክናል፥ የግራር እሾህ አንድ ጊዜ ከወጋውም ነገሩ አበቃ። ለተራራ ተጓዦች በሚሠሩት ላይ «አር» ከሚባለው ፊደል ጋር የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚለካበት አንድ ሥርዓት ወጥቶለታል። ለውርጭ ሌሊት ከ4 ያላነሰው ይመረጣል። ሁለት ምንጣፍ ቢደራረብ ቁጥራቸው ይደመራል።

«ለንስሐ የሄደ ሰው ምቾት ይፈልጋልን?» የሚሉን አሉ። መነኩሴ በመሬት ቢተኛ ፈቅዶ የመረጠው ተጋድሎ ነው፤ አያትንና ሕፃንን ግን ማን አስመረጣቸው? በአንድ ዓመት አብረውን ከሄዱት መካከል አንዲት አሮጊት አጎዛቸውን ለልጅ ልጃቸው አንጥፈው እርሳቸው በመሬት ላይ ተኙ። «እናታችን፥ ብርዱ ይጎዳዎታል» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ እኔማ ለንስሐ ነው የመጣሁ» አሉን። እኛም ቃላቸውን አክብረን ዝም አልን። ልጅቱ በደኅና አደረች። እርሳቸው ግን ወገባቸው ተይዞ መነሣት አልቻሉም። በቃሬዛ ተሸክመን ላሊበላ ብናደርሳቸውም፥ ያን ያህል የናፈቁትን የልደት ማሕሌት ከአንድ ጎጆ ውስጥ ተኝተው ከሩቅ ሰሙት።

ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ በሶውን ስንቆጥር ምንጣፉን አልቆጠርንም። ከዚያ ወዲህ ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ምንጣፉን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዘርግቶ ያሳየናል፤ አንድ ትርፍ አጎዛም ከአህያው ጭነት ላይ አይጠፋም።