አሥራ አምስት የሥራ ቀን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። ለወረታ ከተማ ገበያ ነፍስ የሚዘራለት የፎገራ ሜዳ ሩዝ ነው። ከሩዝ መፈልፈያው ጎን ለጎን ማንፈስና መልቀም አለ፤ ይህን የቀን ሥራ ለማግኘት ደግሞ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የሚቆጣጠረውም፣ ሒሳብ የሚከፍለውም፣ «ነገ አትምጪ» የሚለውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ያ ሰው በወሲባዊ ትንኮሳ ወሰን ሲያልፍ ለሠራተኛዋ «ልናገር ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከተናገረች የዕለት ገቢዋ ይቆማል፣ ስሟ ይነሳል፣ «አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?» የሚል አይጠፋም። ዝምታዋን በፍርሃት ብቻ የሚተረጉሙ ሰዎች ይህን ሁሉ አይቆጥሩላትም።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ብዙ አላገዛትም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 በአሠሪነት ሥልጣኑ ተጠቅሞ ሴትን ለወሲብ የሚያስገድድን ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ክሱ የሚቀርበው ግን እሷ አቤት ስትል ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ስለ ትንኮሳ በስም ያለው ነገር አልነበረም። ለውጡ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በሰኔ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ላይ ስለሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳ ስምምነት ቁጥር 190ን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ወሲባዊ ትንኮሳን ከለከለ። ያለ ፈቃድ በቃልም ሆነ በምልክት ለወሲብ መገፋፋት ትንኮሳ ለመባል በቂ ነው፤ ጉልበት ከተጨመረበት ጥቃት ይባላል።

ዋናው ነጥብ ያደረገው ማን ነው የሚለው ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ፣ ከስንብት ክፍያ በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። የሥራ ባልደረባ ከሆነ ግን መጀመሪያ ለአሠሪው ማሳወቅ አለባት፤ ይህ መብት የሚኖራት አሠሪው በጊዜው እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነው። ስለዚህ መቼ፣ ለማን፣ ማን እየሰማ እንደተናገረች መመዝገቡ ትልቅ ዋጋ አለው። አሠሪው ጥፋተኛውን ባልደረባ የማሰናበት ሥልጣን አለው። እሷን አቤቱታ አቀረበች ብሎ ቢያባርራት ደግሞ ሕገ ወጥ ነው።

ለቅቆ የመሄዱ መብት በ15 የሥራ ቀን ያልቃል። ለእናት ለመንገር እንኳ ወር ለሚፈጅ ነገር ይህ በጣም አጭር ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ካሳው የሚገኘው እሷ ስትወጣ መሆኑ ነው፤ አለቃው እዚያው ይቀራል፣ እሷ በትንሽ ከተማ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች።

ቢሆንም በሩ ዝግ አይደለም። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ የመፈልፈያ ቤት የቀን ሠራተኛም በሕጉ ትሸፈናለች። የሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ አይጠይቅም፣ በ60 ቀን ውስጥም መወሰን አለበት። በዚያው ወረታ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ግን ከአዋጁ ውጭ ናት፤ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል።