ያውቁ ኖሯል? የመራጩ ልብና የመሪው መልክ
(ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)

• በ1937 ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት፣ ብቁ ሴት ለፕሬዚዳንትነት ብትወዳደር ይመርጧት እንደሆነ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ «አዎ» ያሉት ከ100 ሰዎች 33ቱ ብቻ ነበሩ።

• በ1958 ስለ ጥቁር ዕጩ ሲጠየቁ «አዎ» ያሉት ከ100 ሰዎች 40 እንኳ አልሞሉም። ዛሬ ለሁለቱም ጥያቄዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት «አዎ» ይላሉ።

• ጥቁር አሜሪካዊቷ ሸርሊ ቺዝም በ1972 የዴሞክራቲክ ፓርቲን የፕሬዚዳንት ዕጩነት ለማግኘት ተወዳደሩ። ከቆዳ ቀለማቸው ይልቅ ሴትነታቸው የባሰ መሰናክል እንደሆነባቸው ተናግረዋል።

• በ1982 ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት የተወዳደሩት ጥቁሩ ቶም ብራድሊ ከምርጫው በፊት በተደረጉ የአስተያየት ጥናቶች ሲመሩ ቆይተው በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። መራጩ ለጠያቂ የሚናገረውና በምስጢር የሚሰጠው ድምፅ ሊለያይ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በስማቸው ይጠራል።

• ጥቁሩ ባራክ ኦባማ በ2008 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሴት ፕሬዚዳንት ግን አሜሪካ እስካሁን አልመረጠችም። ስሪላንካ ሲሪማቮ ባንዳራናይኬን የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረገችው በ1960 ነበር።

የሕዝብ አመለካከት እንደሚለወጥ ቁጥሮቹ ይመሰክራሉ፤ «አዎ» ማለት ዋጋ የሚያገኘው ግን ድምፅ መስጫ ሣጥኑ ዘንድ ሲደርስ ነው።