ወይራ የሚሸነፍበት ጨዋታ፦ የእንጨት ራኬት እንዴት ይፈተናል?

በምሥራቅ ጎጃም የዲማ ጊዮርጊስ ስም ሲነሣ ቅድሚያ የሚታወሱት ሊቃውንቱ ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት አንዱም ይኸው ነው። እንዲህ ባለ የትምህርት ደብር ግን ከብራናው ጋር አብሮ የሚኖር ሌላ ሙያ አለ፤ የእንጨት ሙያ። የብራና መጽሐፍ ከፊትና ከኋላው በእንጨት ገበታ ይታቀፋል። ገበታው እንዳይከብድ፣ እንዳይጣመም፣ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁም እንዳይሰነጠቅ እንጨቱን መምረጥና በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት የሚሠራ አናጢም እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ይፈልጋል። በእነሱ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ ኳስ ሲያርፍበት ምን ያህሉን ጉልበት ይመልሳል?

ከጣውላ ወይም ከኮምፔርሳቶ የተቆረጠ ራኬት በትምህርት ቤት ግቢና በመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ለተጫወተ ሰው እንግዳ አይደለም። «የእኔ ይሻላል» የሚለው ክርክርም እንዲሁ። ክርክሩን በሚዛን፣ በማስመሪያና በእጅ ስልክ መዳኘት ይቻላል። አናጢውም ቀጣዩን ራኬት በግምት ሳይሆን በዕውቀት እንዲሠራ የሚረዳው ይህ ነው።

ሕጉ ለእንጨት ያደላል

የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ የራኬትን መጠን፣ ቅርጽና ክብደት አይወስንም። ሰሌዳው ጠፍጣፋና ግትር ይሁን፣ ከውፍረቱም ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት ይሁን ይላል። እንደ ካርቦን ያለ ሰው ሠራሽ ቃጫ የሚፈቀደው በማጣበቂያው ንጣፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ አንዱ ንጣፍም ከጠቅላላው ውፍረት 7.5 በመቶ ወይም ከ0.35 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በውድ ዋጋ የሚሸጠውም ራኬት ቢሆን አብዛኛው አካሉ እንጨት ነው። የፋብሪካውና የሠፈሩ አናጢ ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛው እንጨት፣ በምን ውፍረት፣ በየትኛው አቅጣጫ?

ጠንካራ እንጨት ለምን አይበቃም?

በደጋው ሰው ዘንድ የጥንካሬ ምሳሌ ወይራ ነው። ለራኬትም እሱ ይሻላል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። እስኪ እናስላው። የአንድ መደበኛ ራኬት ፊት ወደ 185 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲቆረጥ መጠኑ 111 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ደረቅ ወይራ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወደ 1 ግራም ስለሚመዝን ፊቱ ብቻ ከ110 ግራም አያንስም። የዋንዛ ክብደት ከዚህ ከግማሽ በታች ነው፤ 0.45 ብንለው ፊቱ 50 ግራም ይመጣል። በገበያ ያሉ ራኬቶች ጎማ ሳይለጠፍባቸው፣ እጀታቸውን ጨምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ግራም ይመዝናሉ። የወይራው ራኬት እጀታ ሳይገባለት ከዚህ አለፈ ማለት ነው።

«እንግዲያው ወይራውን እናሳሳው» የሚል ይኖራል። ከዋንዛው እኩል እንዲመዝን 2.7 ሚሊ ሜትር ድረስ መላግ ሊኖርበት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የአንድ ሰሌዳ ግትርነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ይሄዳል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። 6 ሚሊ ሜትር ከ2.7 ሚሊ ሜትር ጋር ሲነጻጸር በውፍረት ብቻ አሥራ አንድ እጥፍ ግትርነት ያስገኛል። የወይራው እንጨት በባሕርይው ከዋንዛ ሁለት እጥፍ ተኩል የማይተጣጠፍ ነው ብንል እንኳ፣ በእኩል ክብደት የዋንዛው ሰሌዳ ከአራት እጥፍ በላይ ግትር ይሆናል። ቀላል እንጨት በውፍረት ያሸንፋል። ብዙ የራኬት ሠሪዎች ለመካከለኛው ንጣፍ ቀለል ያለ እንጨት የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ እንጨት በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት አይደለም። በቃጫው ርዝመት ሲታጠፍ ያለው ግትርነት በአግድም ካለው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። ከአንድ ጣውላ የተቆረጠ ራኬት በአንድ በኩል ጠንክሮ በሌላው የሚላላውና እርጥበት ሲለዋወጥ የሚጣመመው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው አምስት ወይም ሰባት ስስ ንጣፎችን ቃጫቸውን እያቀያየሩ በኮላ ማጣበቅ ነው። ከመሐል የራቀው ንጣፍ ለግትርነት የሚያበረክተው ድርሻ ከፍተኛ ስለሆነ ስስ የሆነው የውጭ ሽፋን የራኬቱን ጠባይ ይቀይራል። ጠንካራ እንጨት ቦታው እዚያ ነው።

በሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ

ኳስና ራኬት የሚነካኩት ለአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ሰሌዳው ታጥፎ መመለስ ይጀምራል። እጥፋቱ ፈጥኖ ከተመለሰ ጉልበቱን ለኳሱ ይሰጣል፤ ከዘገየ ግን ኳሱ ሄዷል። የቀረው ጉልበት ሰሌዳውን ያንቀጠቅጣል፤ በእጃችን የሚሰማን ንዝረት እሱ ነው። ግትር ራኬት ፈጣን፣ የሚለመጥ ራኬት ደግሞ ለስላሳና ለቁጥጥር የሚመች የሚሆነው ስለዚህ ነው። አንዱ ከሌላው በጭፍን አይበልጥም፤ አጥቂውና ተከላካዩ የሚፈልጉት ይለያያል።

ይህን በድምፅ መለካት ይቻላል። የከበሮ ቆዳ ሲወጠር ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ ሰሌዳም ግትርነቱ ከክብደቱ አንጻር ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ጎማ ያልተለጠፈበትን ራኬት እጀታውን ይዞ ኳስ ማንጠር፣ ድምፁን በስልክ መቅዳትና የድምፅ ድግግሞሽ በሚያሳይ መተግበሪያ ማየት ነው። ከእንጨት ብቻ የተሠሩ ራኬቶች ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ኸርዝ በላይ ይሰጣሉ። የአንዱ እንጨት ውፍረት ከ6 ወደ 5.5 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ድግግሞሹ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል፤ ስልክ ይህን ለመለየት አያዳግተውም።

ሁለተኛው ፈተና ንጥረት ነው። በሕጉ መሠረት ከ30 ሴንቲ ሜትር የተለቀቀ ኳስ ከጠረጴዛው 23 ሴንቲ ሜትር ያህል መንጠር አለበት፤ ከፍጥነቱ 88 በመቶ ያህሉ ተመለሰ ማለት ነው። የራኬቱን እጀታ በሞርሳ አጥብቆ፣ ከኋላው ማስመሪያ አቁሞ፣ ኳሱን ከዚያው ከፍታ እየለቀቁ በቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል። ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው። ከዚህ ከፍታ የወደቀ ኳስ በሰከንድ 2.4 ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ውጤቱ የለስላሳ ምት ነው፤ የኃይለኛውን ምት ጠባይ የሚያሳየው ጨዋታው ራሱ ነው።

ፍትሐዊ ንጽጽር

የጨዋታ ፈተና በቀላሉ ያሳስታል። በ1952 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ ላይ ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ በወፍራም ስፖንጅ በተሸፈነ ራኬት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስፖንጁ ኳሱን ከማፍጠኑ ሌላ የምቱን ድምፅ ስላጠፋው፣ በድምፅ መመራት የለመዱ ተጋጣሚዎቹ ተቸገሩ። ፌዴሬሽኑም በ1959 እ.ኤ.አ. የሽፋኑን ውፍረት በ4 ሚሊ ሜትር ገደበ። ጆሮ የእጅን ፍርድ ይመራል፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ራኬት ባይፈጥንም ፈጣን ይመስለናል።

ስለዚህ የሚነጻጸሩት ራኬቶች አንድ ዓይነት ጎማ ይለጠፍባቸው፣ በአንድ ዓይነት ኳስ ይሞከሩ። እጀታቸው ላይ ከቁጥር በቀር ምንም አይጻፍ፤ የእንጨቱን ስም የሚያውቀው መዝገብ ያዡ ብቻ ይሁን። ብዙ ተጫዋቾች በተለያየ ቅደም ተከተል ይሞክሯቸው፣ ሳይመካከሩም ነጥብ ይስጡ። ሠሪውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ እንጨቱንም ውፍረቱንም አብሮ ከቀየረ ለውጡ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

የቦታም ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። 2.7 ግራም ብቻ የሚመዝን ኳስ በሳሳ አየር ብዙም አይዘገይም፤ ተሽከርክሮ የሚጠመዘዝበትም ኃይል ይቀንሳል። በቆላ የተሞከረ ራኬት በደጋ «ፈጠነ» ቢባል ምስጋናው የአየሩ ሊሆን ይችላል። እንጨቱም በክረምት እርጥበት ስቦ ይከብዳል፣ ይላላል። ንጽጽር በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት መደረጉ፣ ራኬቱም በዚያው ዕለት መመዘኑ የግድ ነው።

ለዚህ ሥራ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ልዩ ጥበቃ ተደርጎላቸው ነበር። ለአንድ ራኬት ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል፤ የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያም ሊሞከሩ ይገባል። አንድ ትምህርት ቤት የእንጨቱን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ ውፍረቱን፣ ድግግሞሹን፣ ንጥረቱንና የተጫዋቾቹን ነጥብ በአንድ ሠንጠረዥ ቢያሰፍር፣ ተማሪዎቹ ፊዚክስን በእጃቸው ይዘው ይማሩታል። አናጢውም በእጁ ያለውን ዕውቀት ሌላው ሊፈትሸውና ሊያሻሽለው በሚችል ቁጥር ያስረክባል።