ያውቁ ኖሯል? ፎቶዎ የሚቀመጠው በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ ነው

በስልክ የተነሳ ፎቶ ጄፔግ በተባለው የምስል መስፈርት ሲቀመጥ ስምንት በስምንት በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል የሚባሉ 64 ነጥቦችን ይይዛል። 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ ምስል፣ ከቀለሙ ተለይቶ የሚያዘው የብርሃን መጠኑ ብቻ 32,400 ካሬዎች ይወጣዋል።

መከፋፈሉ ለምን አስፈለገ? ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመሳሰሉ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ያረፈ ካሬ 64ቱም ነጥቦቹ ተቀራራቢ ቀለም አላቸው። ከዚያ አንድ የሒሳብ ስሌት የካሬውን ነጥቦች ወደ 64 ቁጥሮች ይለውጣል፤ የመጀመሪያው የካሬውን አማካይ ብርሃን፣ የቀሩት ደግሞ ብርሃንና ጥላ ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚፈራረቁ ይገልጻሉ። የሰው ዓይን በጣም ረቂቅ የሆነውን ለውጥ ብዙም አያስተውልም። ስለዚህ ረቂቁን ለውጥ የሚገልጹት ቁጥሮች ይጠጋጋሉ፤ አብዛኞቹም ዜሮ ይሆናሉ። የተደረደሩ ዜሮዎች ደግሞ በአጭሩ ይጻፋሉ።

ስሌቱ ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። ሐሳቡን ያፈለቀው ሕንድ የተወለደው መሐንዲስ ናስር አሕመድ ነው። ከቲ. ናታራጃንና ከኬ. አር. ራኦ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመው፤ ጄፔግም በ1992 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ጸደቀ።

ፎቶ ከመጠን በላይ ሲታመቅ የካሬዎቹ ድንበር በግልጽ ይታያል። ተደጋግሞ በተላከ ምስል ላይ፣ በተለይ በፊትና በሰማይ ዙሪያ፣ ይህን ማስተዋል ይቻላል።

በጄፔግ የካሬው መጠን አይለወጥም፤ አዳዲሶቹ የቪዲዮ መስፈርቶች ግን ካሬውን እንደ ምስሉ ያሳድጉታል ወይም ያሳንሱታል። በኤች.265 ባዶ ግድግዳ እስከ 64 በ64 በሚደርስ ካሬ ሲያዝ፣ ዝርዝር የበዛበት ፊት በትንንሾቹ ይከፋፈላል። ኤቪ1 ደግሞ ትልቁን ካሬ ወደ 128 በ128 ከፍ አድርጎታል።