የድረ ገጽ ተደራሽነት

የድረ ገጽ ተደራሽነት ማለት ዓይነ ስውራን፣ ዝቅተኛ እይታ ያላቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ እጃቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ የማይችሉ ወይም ጽሑፍ ለመረዳት የሚቸገሩ ሰዎች አንድን ድረ ገጽ እንደማንኛውም ተጠቃሚ ማንበብ፣ መፈለግና ቅጽ መሙላት እንዲችሉበት አድርጎ መሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ጉልህ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ገደማ፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህል እንደሆኑ ገምቷል።

ድረ ገጽ በባሕርዩ ከታተመ ወረቀት ይልቅ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ ነው። ጽሑፉ ሊጎላ፣ በድምፅ ሊነበብ ወይም ወደ ብሬል ሊለወጥ ይችላልና። እንቅፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ሠሪው ገጹን ለዓይን ብቻ ሲያሳምር ነው።

ገጹ እንዴት ይነበባል

ዓይነ ስውራን በኮምፒውተርና በስልክ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ስክሪን አንባቢ ይባላል። ጃውስ፣ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ፣ የአይፎኑ ቮይስኦቨርና የአንድሮይዱ ቶክባክ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ፕሮግራሙ ስክሪኑን አያይም። የሚያነበው ብራውዘሩ ከገጹ ኮድ፣ ማለትም ከኤች ቲ ኤም ኤሉ፣ ያዘጋጀለትን መረጃ ነው። ስለዚህ ለዓይን ፍጹም አንድ የሚመስሉ ሁለት ገጾች፣ አንዱ ለዓይነ ስውሩ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለምሳሌ አርዕስትን መውሰድ ይቻላል። አንድ ሠሪ ተራ ጽሑፍን አጉልቶና አድምቆ አርዕስት ሊያስመስለው ይችላል። በኮዱ ውስጥ አርዕስትነቱ ካልተመለከተ ግን ለስክሪን አንባቢው እንደማንኛውም አንቀጽ ነው። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ዓይነ ስውር ተጠቃሚም ረጅም ገጽን ከላይ እስከ ታች ቁጭ ብሎ አይሰማም፣ ከአርዕስት ወደ አርዕስት እየዘለለ የሚፈልገውን ይፈልጋል እንጂ። «ላክ» የሚለው ቁልፍም በማውዝ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ከሆነ፣ የማመልከቻ ቅጹን በሙሉ የሞላው ሰው መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቀራል።

ምስልን በተመለከተ፣ በኮዱ ውስጥ «ኦልት» የሚባል የጽሑፍ መግለጫ ይጻፍለታል። መግለጫው ከሌለ አንዳንድ ፕሮግራሞች የፋይሉን ስም፣ ለምሳሌ «አይ ኤም ጂ 4027» እያሉ ያነባሉ፤ ለሰሚው ከዝምታ የባሰ ነው። ምን መጻፍ እንዳለበት የሚወሰነው በምስሉ ሥራ ነው። የአክሱም ሐውልት ፎቶ በጉዞ ማስታወቂያ ላይ «የአክሱም ሐውልት» ቢባል ይበቃዋል፤ ስለ ድንጋይ ጠረባ በሚያስረዳ ጽሑፍ ላይ ግን በሐውልቱ ላይ የተቀረጹት በርና መስኮቶች መጠቀስ አለባቸው። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል መግለጫው ባዶ ይተዋል፣ ፕሮግራሙም ዘሎት ያልፋል።

የሲድኒ ኦሎምፒክ ክስ

በዚህ ጉዳይ በሰፊው ከሚጠቀሱት የመጀመሪያ ክሶች አንዱ የአውስትራሊያ ነው። ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ስውር እ.ኤ.አ. በጁን 1999 የሲድኒ ኦሎምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴ ድረ ገጽ ለእሱ እንደማይነበብ ለሀገሪቱ የሰብዓዊ መብትና የእኩል ዕድል ኮሚሽን አቤት አለ። ማጓየር የሚያነበው በብሬል ማሳያ መሣሪያ ነበር። የጠየቀውም ሦስት ነገር ነው፦ ምስሎች ሁሉ የጽሑፍ መግለጫ እንዲኖራቸው፣ ከውድድር መርሐ ግብሩ ገጽ ወደ ስፖርቶች ዝርዝር መሄድ እንዲቻል፣ የውጤት ሠንጠረዦችም እንዲነበቡ።

ኮሚቴው ማሻሻያው እጅግ ብዙ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል ብሎ ተከራከረ፤ በማጓየር ወገን የቀረቡት ባለሙያዎች ደግሞ ሥራው በጥቂት ሳምንታት እንደሚያልቅ መሰከሩ። ኮሚሽኑ በኦገስት 2000 ለማጓየር ፈረደ፣ ድረ ገጹም ጨዋታዎቹ እስከሚከፈቱበት እስከ ሴፕቴምበር 15 እንዲስተካከል አዘዘ። ኮሚቴው ትእዛዙን በሙሉ ባለመፈጸሙ 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት። ጨዋታው ግን በዚያን ጊዜ አልፎ ነበር።

ሌሎች ተጠቃሚዎች

ተደራሽነት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ዓይነ ስውራን መሆኑ የተለመደ ነው፣ ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ማውዝ መያዝ የማይችል ሰው በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ይሠራል፤ «ታብ» የተባለውን ቁልፍ ሲጫን በገጹ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ክፈፍ ያስፈልገዋል። ብዙ ሠሪዎች ግን ይህን ክፈፍ መልክ ያበላሻል ብለው ያጠፉታል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰው «በቀይ የተመለከቱትን ይሙሉ» ቢባል ምንም አይረዳም። መስማት ለተሳናቸው ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ያሻዋል፤ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ለሆነ ግን የምልክት ትርጉም ቢጨመር ይመረጣል።

መመሪያና ሕግ

የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ በ1999፣ ሁለተኛውን በ2008 አወጣ። ሁለተኛው በ2018 እና በ2023 ተሻሽሏል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። መስፈርቶቹ በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ሲሆን ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት መካከለኛውን ነው። በዚህ ደረጃ የተራ ጽሑፍ ቀለም ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፤ ጽሑፉም እስከ 200 በመቶ ሲጎላ ይዘት ሊጠፋበት አይገባም።

የአካል ጉዳተኞች መብቶች የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጨምሮ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆን አገሮችን ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የባንክና የኢንተርኔት ንግድ አገልግሎቶችን የሚመለከተው የተደራሽነት ሕግ ከጁን 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል።

ስህተት ፈላጊ ፕሮግራሞች ከሚያገኙት የማያገኙት ይበልጣል፤ መግለጫ መኖሩን ያውቃሉ፣ እውነት መሆኑን አያውቁም። ማውዙን አስቀምጦ ገጹን በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ መሞከር፣ ከዚያም የሚጠቀሙበትን ሰዎች ራሳቸውን ማስሞከር ይሻላል።

የአማርኛ ገጾች ልዩ ችግሮች

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለስክሪን አንባቢ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድብልቅ ነው። የባሰው ደግሞ ማኅተም የተመታበትን ማስታወቂያ በስልክ አንስቶ ወይም በስካነር ቀድቶ እንደ ፎቶ መለጠፍ ነው። የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ በዚህ መልክ ሲወጣ ዓይነ ስውሩ አመልካች ቀኑ እስኪያልፍ ላይሰማው ይችላል።

ገጹ በትክክለኛ ዩኒኮድ ተጽፎም ቋንቋው በኮዱ አማርኛ ተብሎ ካልተመለከተ፣ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክርና ፊደሎቹን ሊዘላቸው ይችላል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ የማሽን ቢሆንም። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «እስካሁን አልሆነም» ለማለት የገባ፣ ማሽን ከቃሉ ብቻ ሊለይ አይችልም። «ወ/ሮ»ን የመሰሉ አሕጽሮተ ቃላትም በተሟላ ቃል ቢጻፉ ለጆሮ ይቀላሉ።

በፎቶ የወጡ የቆዩ ሰነዶችን ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛን ፊደል ያውቃል። ሆኖም «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው ትንሽ ቅጥል ስለሆነ፣ በተለይ ቀለሙ በደበዘዘ ገጽ ላይ፣ ውጤቱን ሰው ከዋናው ጋር አመሳክሮ ማረም አለበት።