መቶ እጥፍ አጉልቶ ምንም የማያሳይ መነጽር
ስፖቲንግ ስኮፕ ሲገዛ ገንዘቡ የት ላይ መዋል አለበት?

ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው ይህ እንስሳ በሳይንስ መዝገብ የገባው፣ ኢቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ካደነው በኋላ ነው። አሥር ሳንቲሟን ገልብጦ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ወንዱን በሕጋዊ ኮታ ለማደን ደግሞ የውጭ አገር አዳኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል።

ይህ ገንዘብ መገኘቱና መታጣቱ የሚለየው ግን ቃታ በሚሳብበት ቅጽበት አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መሪ አዳኙ ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ማዶ ያለውን የአስታ ቁጥቋጦ በመነጽር ሲያስስ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም። ወንዱ ግን ቀንዱ ምን ያህል ረዝሟል? ምን ያህል ተጠማዟል? ዕድሜው ደርሷል ወይስ ገና ጎረምሳ ነው? ለዚህ ሁሉ መልስ መሰጠት ያለበት ከሰባትና ከስምንት መቶ ሜትር ርቀት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በአደን ሥራ ልማድ የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል። ስለዚህ አሳስቶ መተኮስ ከኮታው ላይ አንድ ራስ ይቀንሳል፤ ደንበኛውንም ያስቀይማል። በመጥፋት አደጋ ላይ ያለ እንስሳ መሆኑ ሲታከልበት ደግሞ ጉዳቱ ከድርጅቱ ኪስ ያልፋል።

ባይኖኩላር እንስሳው መኖሩን ይናገራል። እንስሳው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጠው ባለ አንድ ዓይን መነጽር፣ ማለትም ስፖቲንግ ስኮፕ ነው። በጠመንጃ ላይ የተገጠመው መነጽር ይህን ሥራ ይተካል የሚሉ አይጠፉም። በእሱ ማየት ማለት ግን አፈሙዙን ወደሚታየው ነገር ሁሉ ማዞር ማለት ነው። ማዶ ያለው እረኛ ሊሆን ስለሚችል ይህ ልማድ በምንም ዋጋ አይገዛም።

ሦስት ዓይነት ገበያ

የዚህ ዕቃ ገበያ ሦስት ደረጃ አለው ማለት ይቻላል። ከላይ የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ፣ የጀርመኖቹ ላይካና ዛይስ፣ የጃፓኑ ኮዋ ይገኛሉ። የእነዚህ ድርጅቶች ትልልቅ መነጽሮች ከ2 ሺህና ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጣሉ። ከታች ደግሞ እንደ ስቭቦኒ ያሉ የቻይና ምርቶች ከ100 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። በመካከል ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። የሴለስትሮን ኡልቲማ 80 አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ሲሆን፣ የቮርቴክስ ዳይመንድባክ ደግሞ ከ400 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ይጠይቃል።

ለአገር ውስጥ ገዢ ሒሳቡ ከዶላሩ ብቻ አይነሳም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ የ400 ዶላር መነጽር 23 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምንዛሪው ከ100 ብር ሲያልፍ ያው መነጽር ከ40 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ብሩ ከዚያም በኋላ መውረዱን ቀጥሏል። ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልተነሱም። «ርካሽ» የሚለው ቃል በዶላርና በብር አንድ ትርጉም እንደሌለው ልብ ይሏል።

በመነጽሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር

በየመነጽሩ አካል ላይ 20-60x80 ወይም 15-45x60 የሚል ጽሑፍ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች መነጽሩ ከስንት እስከ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ይናገራሉ፤ የመጨረሻው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሻጭ የሚጮኸው ስለ መጀመሪያዎቹ ሲሆን፣ ገዢ ማየት ያለበት ግን የመጨረሻውን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ማካፈል ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት ለማጉያው ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 80 ለ20 ሲካፈል 4 ሚሊ ሜትር ነው። ያው መነጽር ወደ 60 እጥፍ ሲጠመዘዝ ክቡ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የሰው ዓይን ብሌን በብሩህ ቀን 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሲመሽ ግን እስከ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይከፈታል። እንግዲህ በምሽት 60 እጥፍ ማጉላት ማለት ትልቅ፣ ጨለማና ደብዛዛ ምስል ማየት ነው። በትንሽ የፊት ሌንስ «100 እጥፍ» እያሉ የሚሸጡት ርካሽ መነጽሮች ደግሞ ጭራሽ ጥላ ነው የሚያሳዩት።

ጉዳዩ ለእኛ አገር አዳኝ የበለጠ ይከብዳል። ደጋ አጋዘን ከጫካው ወጥቶ የሚግጠው በአብዛኛው ማለዳና ምሽት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ እንደ አውሮፓ አይረዝምም፤ ብርሃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለ 60 ከሚሰበስበው ብርሃን 1.8 እጥፍ ያህል ይሰበስባል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ልዩነቱ ቀንድ የመለየትና ያለመለየት ልዩነት ነው።

በቆላው በአዋሽና በኦሞ በኩል ችግሩ ሌላ ነው። ረፋድ ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፤ መነጽሩም እንስሳውን ብቻ ሳይሆን እርግብግቢቱን ጭምር ያጎላል። በዚያ ሰዓት ከ30 እጥፍ በላይ የሚያዋጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። የአምስት ሺህ ዶላሩም መነጽር ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

መስታወቱ

ብርሃን ያልተቀባ መስታወት ውስጥ ሲገባም ሆነ ሲወጣ በየገጹ 4 በመቶ ያህሉ ይንጸባረቃል። አሥር ገጽ ባለው መነጽር ውስጥ ሲያልፍ አንድ ሦስተኛው ይባክናል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሌንሶቹ በስስ ሽፋን የሚቀቡት። በዕቃው ላይ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚል ካለ ሁሉም ገጽ ደጋግሞ ተቀብቷል ማለት ሲሆን፣ «ኮትድ» ብቻ ከሆነ አንዱ ገጽ ብቻ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። በቃላቱ መካከል ያለው ልዩነት በዋጋው ውስጥ አለ።

ፕሪዝሙም ባክ-4 ከተባለው መስታወት ቢሆን ይመረጣል። ለማረጋገጥ መነጽሩን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ከዓይን ሌንሱ በክንድ ርቀት ፈንጠር ብሎ የብርሃኑን ክብ ማየት በቂ ነው። ክቡ ሙሉ ከሆነ ደህና፤ ጎንና ጎኑ ጠቆር ብሎ አራት ማዕዘን ከመሰለ ርካሹ ቢኬ-7 የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

ኢ.ዲ. የሚባለው ልዩ መስታወት ዋጋውን ብዙ ጊዜ እጥፍ ያደርጋል። ጥቅሙ በቀንዱና በሰማዩ መካከል የሚታየውን ሐምራዊ ጠርዝ ማጥፋት ነው። ቀንድ ለሚመዝን ባለሙያ ይህ ቅንጦት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ለሚተኩስ ሰው ግን ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻላል።

የባሌ ሌሊት ብርዱ የታወቀ ነው። ከድንኳን ሙቀት ወደ ውርጭ የወጣ መነጽር ውስጡ አየር ካለ በጉም ይሸፈናል። ናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ መሆኑ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ግዴታ ነው። በማከማቻ ሳጥኑ ላይ ይህ ካልተጻፈ ዕቃው ለተራራ አልተሠራም።

የተረሳው ወጪ

ብዙ ገዢ ገንዘቡን ሁሉ በመነጽሩ ላይ ያፈስና ለትራይፖዱ ሳንቲም አያስቀርም። ከርካሽ መነጽሮች ጋር በነፃ የሚመጣው አንድ ስንዝር የማይሞላ የጠረጴዛ ማቆሚያ ደግሞ ለጌጥ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም። በ40 እጥፍ ሲታይ የእጅ ንዝረትም 40 ጊዜ ይጎላል፤ በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ነፋስም እንዲሁ። የ200 ዶላር መነጽር በጥሩ ትራይፖድ ላይ፣ የ500 ዶላሩን በሚንቀጠቀጥ ማቆሚያ ላይ ይበልጠዋል። ከጠቅላላው በጀት ሩቡን ለትራይፖድና ለራሱ ማዞሪያ መመደብ ማጋነን አይደለም።

ክብደቱም ይታሰብ። ባለ 80 ሚሊ ሜትር መነጽር ብቻውን ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። በፈረስ የሚጓጓዝ ከሆነ ችግር የለውም፤ በትከሻ ከሆነ ግን ባለ 65ቱ ሊያዋጣ ይችላል። የዓይን ሌንሱ ወደ ላይ የታጠፈው ዓይነት ቁመታቸው ለሚለያይ ሁለትና ሦስት ሰዎች በየተራ ለማሳየት ይመቻል። ትራይፖዱም አጭር ሆኖ ስለሚቆም አይንቀጠቀጥም። ቀጥ ያለው ደግሞ ከመኪና መስኮት ለማየትና በፍጥነት ለማነጣጠር ይቀላል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ከዓይን ሌንሱ እስከ ዓይኑ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቀት የሚፈቅድ መምረጥ አለበት።

ዒላማ ለሚተኩሰው

የዒላማው ሒሳብ ከአደኑ ይቀላል። ጤነኛ ዓይን በ100 ሜትር ላይ ነጥሎ የሚያየው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ20 እጥፍ ሲጎላ ይህ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የ.22 ጥይት ቀዳዳ 5.6 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በ50ም ሆነ በ100 ሜትር ላይ ባለ 60 ሚሊ ሜትር ርካሽ መነጽር ይበቃል። በ300 ሜትር ግን 20 እጥፉ የሚለየው 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 7.62 ቀዳዳ በጥቁሩ የዒላማ ክብ ውስጥ ሲያርፍ ለማየት ወደ 40 እጥፍ መውጣት፣ ለዚያም ባለ 80 ሌንስ መያዝ ያስፈልጋል። ለ50 ሜትር ተኳሽ 500 ዶላር ማውጣት ብክነት ነው።

ለአደን ድርጅት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከአንድ ደንበኛ 40 ሺህ ዶላር ይገኛል ብንል፣ በርካሹና በመካከለኛው መነጽር መካከል ያለው የ300 ዶላር ልዩነት ከአንድ በመቶ በታች ነው። ዕቃው በአደን ወቅት ብቻ ተሠርቶበት ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ መተኛቱም የግድ አይደለም። በሰነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮና ወፍ ሊያይ የሚመጣ ቱሪስት የሚፈልገው ያንኑ መነጽር ነው።

ከጉምሩክ በፊት

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስከስረው ግን የሌንስ ምርጫ ላይሆን ይችላል። ባይኖኩላርና መሰል የርቀት ማያ መሣሪያዎች ያለ ቅድመ ፈቃድ ሲገቡ በቦሌ ኤርፖርት ሊያዙ ይችላሉ፤ የወፍ ተመልካች ቱሪስቶችም በዚህ ተቸግረዋል። አስጎብኚ ድርጅቶች ለእንግዶቻቸው አስቀድመው የፈቃድ ደብዳቤ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ድርጅት ሆኖ ለሥራው የሚያስገባም የንግድ ፈቃዱንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «አንድ መነጽር ይዘህልኝ ና» ብሎ ማዘዝ፣ ዘመድየውን ኤርፖርት ላይ ለሰዓታት ማስቆም ሊሆን ይችላል።

ዋስትናውም ከዚሁ ጋር ይታያል። ቮርቴክስን የመሰሉ አምራቾች ለዕድሜ ልክ ጥገና ወይም ለውጥ ቃል ይገባሉ። ሆኖም የተሰበረው መነጽር ወደ ውጭ ተልኮ ሲመለስ ያንኑ የጉምሩክ በር ዳግም ማንኳኳቱ አይቀርም። በመሆኑም ዕቃው አገር ሳይገባ፣ ገና ከሻጩ እጅ ሳለ መፈተሽ አለበት። ገዢው ራሱ ባይኖር እንኳ የሚያመጣለት ሰው ወደ ደጅ ይዞት ይውጣና የሩቅ ታፔላ ላይ ያነጣጥረው። መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ60 እጥፍ ፊደሎቹን እስከ ጠርዝ ድረስ ያንብብ። በ60ው ላይ ጥርት የማይል መነጽር ባለ 40 ነው ተብሎ ይታሰብ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይከራከሩበት።